የጣና ደሴቶችና የእንግዳ ሥርዐት

የአንድ አገር ሀብት ከምድር ተቈፍሮ የሚወጣው፥ በገበያም ተመዝኖ የሚሸጠው ብቻ አይደለም። አባቶች ጠብቀው ያቈዩት ደን፥ ወፍ የሚሰፍርበት ዛፍ፥ ጸሎትና ምስጋና የማይታጐልበት ገዳም፥ ይህ ሁሉ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ዐይነቱ ሀብት ጠባይ ከሌላው ይለያል። ወርቅ ቢቈፈር ለቈፋሪው ይተርፈዋል፤ ፀጥታና ልምላሜ ግን ሊያያቸው የሚመጣው ሰው ያለ ልክ የበዛ እንደ ሆነ በተመልካቹ እግር ሥር ይጠፋሉ። ስለዚህ በደሴት ላይ እንግዳ የማስጐብኘትን ሥራ የሚያቅድ ሹም አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ «ስንት እንግዳ ይምጣ?» ብሎ ሳይሆን «ምን ሳይነካ ይጠበቅ?» ብሎ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከሌላው ስፍራ ይልቅ አጥብቆ የሚመለከተው የጣናን ደሴቶች ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተኛ፥ ስፋቱም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ፥ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ታላቁ ነው። ስፋቱ እንዲህ ሲሆን ጥልቀቱ ግን አነስተኛ ነው፤ እጅግ ጠለቅ ያለው ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ዐባይ ከዚህ ሐይቅ ወጥቶ በባሕር ዳር አጠገብ ጕዞውን ይጀምራል። በሐይቁ ውስጥ 37 ያህል ደሴቶች ይቈጠራሉ፤ በብዙዎቹም ላይ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ይገኛሉ። ከደሴቶቹ ሰፊው ደቅ ነው፤ ገበሬ የሚያርስበት፥ ቤተ ሰብ የሚኖርበት ምድር ነው። በምዕራብ ዳርቻው እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ይገኛል። ከደቅ አጠገብ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ይኵኖ አምላክ፥ የዐፄ ዳዊት፥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ያረፈበት ገዳም ሆኖ ይከበራል። ጣና ቂርቆስ፥ ክብራን ገብርኤል፥ እንጦስ ኢየሱስና ሌሎቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ በየብስ ያሉት ብዙ አድባራት ሲቃጠሉ፥ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ተሸሽጎ ከተረፈባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ሐይቅ ነበር።

የተፈጥሮው ሀብትም ከታሪኩ አያንስም። ከባርብስ ወገን 15 ዐይነት ታላላቅ ዓሦች በጣና ውስጥ እንጂ በሌላ የዓለም ክፍል እንደማይገኙ ሊቃውንተ ተፈጥሮ መርምረው አረጋግጠዋል። ክሬን የሚባሉት ረጃጅም አዕዋፍ የኤውሮፓን ብርድ ሸሽተው በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው በሐይቁ ዙሪያ ይከርማሉ። በዳርቻው የሚበቅለው ደንገል ለዓሣ መራቢያ፥ ለወፍ ጎጆ፥ ለባላገሩም የታንኳ መሥሪያ ነው። በደሴቶቹም ላይ በዙሪያው አገር እየጠፋ የሄደው አገር በቀል ዛፍ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተጠግቶ ይኖራል።

ይህ ደን እስከ ዛሬ የቈየው ታጣቂ ዘበኛ ስለ ቆመለት አይደለም። ዐዋጅ ከመውጣቱ አስቀድሞ፥ የደን መሥሪያ ቤትም ከመቋቋሙ በፊት፥ የገዳሙ ሥርዐት ጠብቆታል። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ክቡር ነው፤ በቅጽሩ ያለው ዛፍም እንደ ልብስ ይቈጠራል፤ ዛፉን መቍረጥ ቤተ ክርስቲያኑን ማራቈት ነው። በዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ደግሞ በገዳማውያኑ ሥርዐት ምድሪቱን በበሬ ማረስ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ እያለማ ኖሯል። ዛፉ የቡናው ጥላ፥ ቡናው የሰውየው እንጀራ፥ ሥርዐቱም የሁለቱ ጠባቂ ሆነ። በኢትዮጵያ ሰሜን ደጋና ወይና ደጋ ደኑ ለእርሻና ለማገዶ ሲመነጠር፥ ከሩቅ የሚታየው አረንጓዴ ነገር ቤተ ክርስቲያን ያለበት ስፍራ ብቻ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ፥ ጣናን ከዙሪያው ጋር ወደ 700,000 ሄክታር የሚጠጋውን ስፍራ ባዮስፌር ሪዘርቭ በሚባለው የዓለም መዝገብ ጻፈው። የዚህ መዝገብ ሥርዐት ምድሩን በሦስት ይከፍላል። የመጀመሪያው ተፈጥሮ እንዳለ የሚጠበቅበት የውስጥ ክልል ነው። ሁለተኛው የውስጡን የሚከብብ፥ ጕዳት የሌለበት ሥራ ብቻ የሚፈቀድበት ነው። ሦስተኛው ሰው የሚኖርበት፥ የሚያርስበትና የሚነግድበት ሆኖ፥ ሥራው ግን ተፈጥሮን እንዳያጠፋ የሚታሰብበት ነው። ይህ አከፋፈል በውጭ አገር ሊቃውንት ቋንቋ ሲነገር አዲስ ይመስላል እንጂ ለኢትዮጵያ ካህን እንግዳ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ተብላ ትከፈላለች፤ ሕዝቡ የሚቆምበት፥ ቈራቢው የሚደርስበት፥ ቀሳውስትና ዲያቆናት ብቻ የሚገቡበት ስፍራ ይለያል። ማንም ምእመን ወደ መቅደስ አትግባ በመባሉ ተናቅሁ አይልም፤ የቤቱ ክብር የተጠበቀው በዚህ መለየት መሆኑን ያውቃልና። የጣናም ዕቅድ እንደዚሁ በሦስት ክፍል ሊሠራ ይገባዋል፤ ሦስቱም በወረቀት ካርታ ላይ ብቻ ሳይሆን በጀልባ መውረጃው፥ በመንገዱና በዛፉ ሥር የታወቁ መሆን አለባቸው።

እንግዳ መምጣቱ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያዊ እንግዳ መቀበልን ከአብርሃም ድንኳን የተማረ ሕዝብ ነው። ከዚህም በላይ ገዳማቱ ገቢ የሚያስፈልጋቸው መሆኑ አይካድም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ይሁን የሚለው ዐዋጅ ሲወጣ፥ ገዳማቱ ቀድሞ ይተዳደሩበት የነበረውን መሬት አጡ። ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ለመጠገን፥ መነኰሳትን ለመመገብ፥ መጻሕፍትን ከብልና ከእርጥበት ለመጠበቅ የሚሆን ገንዘብ ከምእመናን ምጽዋትና ከጐብኚ የሚገኘው ነው። ባላገሩም ችግር አለበት፤ በዘጌ ዕንጨት ቈርጦ በታንኳ እየጫነ በባሕር ዳር ገበያ የሚሸጥ ሰው መኖሩ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ይህን ሰው መገሠጽ ብቻ አይበቃም፤ ዛፉን ቈርጦ ከሚያገኘው ገንዘብ የሚተካከል ነገር ዛፉን በመጠበቅ ሊያገኝ ይገባዋል። ልክ ያለው የጕብኝት ሥራ ይህን ሊያስገኝ የሚችል ነው።

በሌላም በኩል የጣናን ሕመም ሁሉ በጐብኚ ላይ ማላከክ ፍርድ ማጓደል ነው። ከተራቈተው ኰረብታ የሚወርደው ደለል፥ ከከተማ የሚፈሰው እድፍ፥ ደንገሉ እየተመነጠረ የሚታረሰው ዳርቻ፥ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም በሐይቁ ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ፥ እነዚህ ከጐብኚው የበለጠ ጕዳት አድርሰዋል። ነገር ግን ሕመምተኛ ላይ ሌላ ሸክም አይጫንም። ጥልቀቱ ያነሰ ሐይቅ የጣሉበትን ቶሎ አይረሳም፤ ደሴትም ጠባብ ስለ ሆነች የተሰበረባትን ዛፍ ከጎረቤት አትበደርም።

ሌሎች አገሮች በዚህ ነገር ከፊት ሄደው መልካሙንም ክፉውንም አይተዋል። የውጭ አገሮቹ ዓመታት ከዚህ በታች በኤውሮፓ አቈጣጠር ይነገራሉ። በኤኳዶር መንግሥት ሥር ያሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች በ1959 ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ፤ በ1978ም በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከተጻፉት ስፍራዎች መካከል ነበሩ። በዚያ ጐብኚ ከተፈቀደለት ስፍራ በቀር አይወርድም፤ ፈቃድ ያለው አስጐብኚ ሳይኖር አይሄድም፤ አንድ አስጐብኚም ከ16 ሰው በላይ አይመራም። ሆኖም ይህን የመሰለ ሥርዐት ቢኖርም፥ ጐብኚው እየበዛ ሲሄድ እርሱን የሚያገለግለው ሕዝብ በዛ፤ ከሰውና ከዕቃ ጋርም ባዕድ ዕፅና ነፍሳት ገቡ። ስለዚህ በ2007 ዩኔስኮ ደሴቶቹን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ጻፋቸው፤ ኤኳዶር ብዙ ከደከመች በኋላ በ2010 ከመዝገቡ ወጡ። ጐብኚው ግን አልቀነሰም፤ በ2023 ከ300,000 በላይ ሰው ገባ። በነሐሴ 2024ም መንግሥቱ የብዙዎቹን የውጭ አገር ጐብኚዎች መግቢያ ከ100 ወደ 200 ዶላር ከፍ አደረገው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጐብኚው የሚረግጠውን መንገድ መወሰን መልካም ሲሆን፥ ከኋላው ተከትሎ የሚመጣውን ሕዝብና ዕቃ ያላሰበ ዕቅድ ግን ግማሽ ዕቅድ ነው።

ለጣና ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ በአየርላንድ ምዕራብ ባሕር ላይ ያለችው፥ በመልአኩ በቅዱስ ሚካኤል ስም የምትጠራው ስኬሊግ ማይክል የምትባል ደሴት ናት። በጥንት ዘመን መነኰሳት በዓለቱ ላይ ከድንጋይ ጎጆ ሠርተው፥ ወደ ላይም ስድስት መቶ የሚያህል ደረጃ አንጥፈው ይኖሩባት ነበር። ዛሬ መነኵሴ የለባትም፤ የባሕር ወፍ ግን በብዛት ይራባባታል። በ1996 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ጐብኚ የሚገባባት በበጋው ወራት ብቻ ሲሆን፥ ፈቃድ የተሰጣቸው ጥቂት ጀልባዎች በቀን 180 ያህል ሰው ያደርሳሉ፤ ባሕሩ ሲናወጥም ጭራሽ አይወጣም። በደሴቲቱ ላይ ማደሪያም ምግብ ቤትም የለም። በ2014ና በ2015 ስመ ጥር የሆነ የሲኒማ ሥራ ተነሥቶባት ሊያያት የሚመኘው ሕዝብ እጅግ ሲበዛ እንኳ፥ መንግሥቱ ምኞቱ በዛ ብሎ ልኩን አላፈረሰም። ገንዘቡን የሚያገኙት በየብስ ባሉት መንደሮች የሚኖሩ ባለ ጀልባዎችና ባለ ማደሪያዎች ናቸው። እንዲሁም በግሪክ አገር ያለው የአቶስ ተራራ፥ ገዳማዊ ሥርዐቱን ሳይለውጥ፥ በየቀኑ የሚገባውን ሰው ቍጥር ወስኖ የይለፍ ወረቀት እየሰጠ እንግዳን ይቀበላል። እንግዳው ወደ ገዳሙ ሥርዐት ይገባል እንጂ ገዳሙ ወደ እንግዳው ፈቃድ አይወርድም።

ከዚህ ተነሥቶ የጣና ዕቅድ እንዴት ያለ መሆን እንዳለበት ለመናገር ይቻላል። መጀመሪያ፥ የማይነካው ተለይቶ ይጻፍ። መነኰሳቱ በተባሕትዎ የሚኖሩበት በዓት፥ ወፍ እንቍላል የሚጥልበት ዛፍ፥ ዓሣ የሚራባበት የደንገል ዳርቻ፥ ጉማሬ የሚወጣበት ስፍራ፥ እነዚህ እንደ መቅደስ ተቈጥረው እንግዳ የማይደርስባቸው ይሁኑ። ይህን ለይቶ ለማወቅ የተፈጥሮ ሊቃውንት ብቻቸውን አይበቁም፤ ገዳሙን አርባና ኀምሳ ዓመት ያገለገለ አባት፥ ሌሊት መረብ የሚጥል ዓሣ አስጋሪ፥ በታንኳ የሚመላለስ ባላገር የሚያውቁት በመጽሐፍ አይገኝም። የእነርሱ ቃል ከሊቃውንቱ ልኬት ጋር ተያይዞ በካርታ ላይ ሊሰፍር ይገባል።

ሁለተኛ፥ ደሴቶቹ ሁሉ አንድ ዐይነት እንዳልሆኑ ይታወቅ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል በሥርዐታቸው ሴት የማይገባባቸው ናቸው። ይህን ሥርዐት ለገበያ ሲባል ላላ ማድረግ አይገባም፤ ነገር ግን ሴት እንግዳ ገንዘብ ከፍላ፥ ጀልባ ተሳፍራ ከሄደች በኋላ በመውረጃው ላይ እንድትሰማው ማድረግ ከጨዋነት የራቀ ነው። በባሕር ዳር ወደብ ላይ አስቀድሞ በአማርኛና በውጭ ቋንቋዎች ተጽፎ ይታይ፤ በክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ፥ በደቅ ያለው ናርጋ፥ በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወንድም ሴትም የሚቀበሉ መሆናቸው ይነገር። በእግር መሄድ ለሚወድ የዘጌ ጥላ መንገድ አለ፤ ወፍ ለማየት ለሚሻም ከሩቅ በመነጽር የሚመለከትበት የዳርቻ ስፍራ ሊዘጋጅለት ይቻላል። እንዲህ ሲሆን ሁሉም በአንድ ደሴት ላይ አይከማችም።

ሦስተኛ፥ የሰው ቍጥር በስሌት ይወሰን። ስሌቱ የሚነሣው ከጀልባው መቀመጫ ሳይሆን ከደሴቲቱ ጕልበት ነው። ለምሳሌ ያህል፥ አንዲት ጠባብ መንገድ በአንድ ሰዓት ከ12 ሰው በላይ ያለ መጋፋት የማታሳልፍ ብትሆን፥ ከጸሎትና ከቅዳሴ ሰዓት የተረፈው የጕብኝት ጊዜም በቀን 4 ሰዓት ቢሆን፥ የዚያች ደሴት ልክ 48 ሰው ነው ማለት ነው። ሐይቁ ከቀትር በኋላ በነፋስ ስለሚናወጥ የጕብኝቱ ሰዓት በጧት መሆኑ ለነፍስም ጥበቃ ይጠቅማል። በንግሥ በዓል የሚመጣው ምእመን ግን ተሳላሚ እንጂ ጐብኚ አይደለምና ከዚህ ቍጥር አይገባም፤ በዚያ ቀን ጐብኚውን ወደ ሌላ ስፍራ መምራት ይገባል። ሆኖም ተሳላሚውም ቢሆን የውሃ ጠርሙሱንና ፌስታሉን ጥሎ መሄዱ በረከት አያስገኝምና፥ ካህናቱ በስብከታቸው ሊያስተምሩት ይገባል።

አራተኛ፥ የጀልባ ነገር በጥብቅ ይታሰብ። በፍጥነት የሚሄድ የሞተር ጀልባ የሚያስነሣው ማዕበል ደንገሉን ይመታል፥ ጎጆ ያፈርሳል፥ ታንኳም ይገለብጣል፤ ድምፁም ከቅዳሴው ዜማ ጋር ይጋፋል። ስለዚህ ከዳርቻው በታወቀ ርቀት ፍጥነቱን እንዲቀንስ፥ ዘይትና ነዳጅ ወደ ውሃው እንዳያፈስ፥ ከተመደበለት መውረጃ በቀር በሌላ ዳርቻ እንዳይጠጋ፥ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ነፍስ አድን ሰደርያ እንዲይዝ ይታዘዝ። የእምቦጭ ቍራጭ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው በጀልባ አካልና በመረብ ተጣብቆ ሊሻገር ስለሚችል፥ ጀልባው ከመነሣቱ በፊት መታየትና መጠረግ አለበት። በሌላም በኩል የደንገል ታንኳ ሥራ የጣና ባላገር ጥንታዊ ጥበብ ስለ ሆነ፥ በአጭር ርቀትና በጸጥተኛ ዳርቻ ለእንግዳ መንሸራሸሪያ ቢሆን፥ ድምፅ አያሰማም፥ ጢስ አያወጣም፥ ለሠሪውም እንጀራ ይሆናል። ደንገሉ ግን መልሶ እንዲበቅል በተራ መታጨድ ይኖርበታል።

አምስተኛ፥ በገዳማቱ ደሴቶች ላይ ሆቴልና መጠጥ ቤት አይሠራ። ማደሪያ ያለበት ስፍራ ውሃ ይፈልጋል፥ ማገዶ ይፈልጋል፥ እድፍ ያወጣል፥ ሌሊትም መብራትና ዘፈን ይኖረዋል። ለዚህ በየብስ ባሕር ዳርና ጎርጎራ አሉ፤ እንግዳው በዚያ አድሮ ጧት ይምጣ፥ ማታ ይመለስ። ሕዝብ በሚኖርበት በደቅ ላይ ግን ባላገሩ በገዛ ቤቱ እንጀራና ዓሣ አቅርቦ፥ ቡና አፍልቶ፥ እንግዳውን ቢያስተናግድ ጥቅሙ በቀጥታ ለቤተ ሰቡ ይደርሳል። በመውረጃዎቹ ላይ ወደ ሐይቁ የማይፈስ መጸዳጃ ይሠራ፤ እንግዳ የያዘውን ሁሉ ይዞ የሚመለስበት ደንብም ይጽና።

ስድስተኛ፥ የቅርሱ አያያዝ ይታሰብ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል በእጅ ሲዳሰስ ይላጫል፤ በብራና የተጻፈው መጽሐፍም በየቀኑ ለየእንግዳው ሲገለጥ ይላላል፥ ብልጭ የሚል የፎቶግራፍ መብራትም ቀለሙን ያደክማል። ጥቂት መጻሕፍትና መስቀሎች በመስተዋት ውስጥ ሆነው የሚታዩበት ዕቃ ቤት ቢዘጋጅ፥ የቀሩትም በመዝገብ ተቈጥረው ከመነኰሳቱ ቍልፍ ሥር ቢሆኑ፥ ከብልም ከሌባም ይድናሉ።

ሰባተኛው ከሁሉ የሚከብደው የገንዘብ ነገር ነው። እንግዳ የሚከፍለው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ያላወቀ ጠባቂ ጥበቃውን ይሰለቻል። ከመግቢያው ገንዘብ ምን ያህሉ ለገዳሙ፥ ምን ያህሉ ለመንደሩ፥ ምን ያህሉ ለመንገድና ለጽዳት፥ ምን ያህሉስ ለሐይቁ ጥበቃ እንደሚውል በደንብ ተጽፎ፥ በየዓመቱ ሒሳቡ በገዳሙ ሸንጎና በመንደሩ ጉባኤ ፊት ይነበብ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ይቅር። ለአስጐብኚነትና ለጀልባ ሥራ የዳርቻው ወጣቶች ይቅደሙ፤ የአገሩን ዛፍና ወፍ፥ የገዳሙንም ታሪክ አጣርተው እንዲያውቁ ትምህርት ይሰጣቸው። ያልተማረ አስጐብኚ ተረትን ታሪክ፥ ታሪክንም ተረት አድርጎ ሲናገር ገዳሙ ይሰደባልና።

ይህ ሁሉ ደንብ ከተጻፈ በኋላ በሣጥን ተቈልፎ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ምንም አልተሠራም። በአሜሪካ የደን አገልግሎት ያሉ ሊቃውንት በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጡት አንድ ዘዴ አለ፤ ዕቅዱ ገና ሲጀመር ምን ያህል ለውጥ እንደሚታገሡና ከየትኛው ወሰን እንደማያሳልፉ አስቀድመው ይጽፋሉ፤ ከዚያም በየጊዜው ይለካሉ። ለጣናም ይህ ይስማማል። መንገዱ በስንት ክንድ ሰፋ? ከመንገዱ ዳር ስንት ችግኝ ተረገጠ? ባለፈው ዓመት ጎጆ ከነበረባቸው ዛፎች ስንቱ ባዶ ሆነ? በጸሎት ሰዓት የጀልባ ድምፅ ስንት ጊዜ ተሰማ? እነዚህን ለመቍጠር ውድ መሣሪያ አያሻም፤ አንድ መዝገብና አንድ ታማኝ ሰው ይበቃል። የተጻፈው ወሰን የታለፈ እንደ ሆነ፥ ያለ ክርክር የሚገባው ሰው ቍጥር ይቀነስ፥ ወይም ስፍራው እስኪያገግም ይዘጋ። ገበሬ እንኳ መሬቱ እንዲያርፍ ያሳድር የለምን?

ይህን ለመሥራት ጊዜው አሁን ነው። በ2012 ዓ.ም. የገባው የኮሮና ወረርሽኝ፥ ቀጥሎም የሰሜኑ ጦርነት፥ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሣውም ግጭት ለጐብኚ ብርቱ እንቅፋት ሆኑ። ባለ ጀልባው ጀልባውን አስሮ ተቀመጠ፤ አስጐብኚው ሌላ ሥራ ፈለገ፤ ገዳሙም ከመግቢያ የሚያገኘውን አጣ። ይህ ችግር ያሳዝናል፤ ከችግሩም የሚመጣ ሌላ ፈተና አለ። ሰላም በጸና ጊዜ ሁሉም ያጣውን በአንድ ዓመት ለመመለስ ይሽቀዳደማል፤ ባለ ሥልጣኑ በቍጥር ብዛት ለመመስገን፥ ባለ ጀልባው በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለመመላለስ፥ ነጋዴውም በደሴት ላይ ቤት ለመሥራት ይመኛል። ያን ጊዜ ደንብ ላውጣ የሚል ሹም የሰውን እንጀራ የሚቀማ መስሎ ይታያል። እንግዳው ከመብዛቱ በፊት የወጣ ደንብ ግን ማንንም አይቀማም፤ የሚመጣው ሁሉ ቤቱን በሥርዐቱ ያገኘዋልና። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ዕቅዱንም አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን በጠረጴዛ ላይ ሊሠራው አይችልም። የባህልና የቱሪዝም ሹማምት፥ የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኞች፥ አህጉረ ስብከቱና አበምኔቶቹ፥ የደቅና የዘጌ ባላገሮች፥ የጀልባ ማኅበራትና ዓሣ አስጋሪዎች በአንድነት ሊቀመጡበት ይገባል። ከእነዚህ መካከል የገዳማቱ ቃል ለይስሙላ የሚሰማ ሳይሆን የመጨረሻው ሚዛን ሊሆን ይገባል፤ ደኑን ለዘመናት ጠብቀው ያደረሱ እነርሱ ናቸውና። ገዳማውያኑም በበኩላቸው ሥርዐታቸውን በቃል ብቻ ሳይይዙ በጽሑፍ አስፍረው ለመንግሥት ቢያቀርቡ፥ ሥርዐቱ የሕግ ኀይል እንዲያገኝ ያግዛል። የአንድ አበምኔት ትእዛዝ በአንድ ደሴት ላይ ይከበራል፤ በሕግ የተጻፈው ግን በሐይቁ ሁሉ ይከበራል።

አዳም በገነት የተቀመጠው ሊሠራትና ሊጠብቃት እንደ ነበረ ሊቃውንት ያስተምራሉ፤ መሥራትና መጠበቅም የማይነጣጠሉ ሁለት ትእዛዞች ናቸው። ጣናንም ሳይሠሩ መጠበቅ ባላገሩን ያስርባል፤ ሳይጠብቁ መሥራትም የሚሠራበትን ያጠፋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት ነገር በዚህ ሐይቅ ላይ እንዳይደገም የሚመለከታቸው ሁሉ ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል። ከባሕር ማዶ ለሚመጣው እንግዳ የሚቀርብለት ታላቁ ነገር አዲስ የሚሠራ ሕንፃ አይደለም፤ ዛፉ በስፍራው፥ ወፉ በጎጆው፥ ውሃው በጥራቱ፥ መነኵሴውም በጸሎቱ ሆነው መቈየታቸው ነው። እንግዳው የሚመጣው ይህን ለማየት ነውና፥ ይህ ሲጠፋ እንግዳውም ይቀራል፤ ይህ ሲጠበቅ ግን የዛሬው ባላገር ይጠቀማል፥ የሚመጣውም ትውልድ ርስቱን ሙሉ ሆኖ ይረከባል።